የተዘቀዘቀው ጥለት

ጠዋት ጠዋት የደንጎራ ጋራ የድንጋይ ካባ በር ላይ ሠራተኞቹ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ የሱሪያቸውን እግር እስከ ጉልበት ሰብስበው ይሰለፋሉ። ደብሪቱ በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጣ በተራ ታሰምርላቸዋለች፤ ከክርን ከፍ ብሎ አንድ ሰማያዊ መስመር፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ አንድ። ቀለሙ በላብ አይለቅም፤ በሳሙና ግን ስለሚሳሳ በየዕለቱ ይታደሳል። ሰርግ ያለበት ሰው ሰፊ እጅጌ ለብሶ ይሸፍነዋል። የሠፈሩ ልጆች ደግሞ በከሰል ክንዳቸው ላይ ያሰምሩና ፈቺና ተፈቺ ይጫወታሉ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ዛሬ ትንሽ ዝቅ አድርጊልኝ» ይላታል አንዱ፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ የቆመ ይመስል።

«ዝቅ ካደረግሁት አጥንቱ አይመቸኝም።»

«እኔ እንግዲህ ለአንቺ እንዲመችሽ ነው የተወለድኩት።»

ሰልፉ ይስቃል። እሷ አትስቅም፤ መስመሩ እንዳይዛነፍ ትንፋሿን ይዛለች።

ፈቺ ማለት እሷ ናት። ቀድሞ የከብት ሐኪም ረዳት ነበረች። የወተት ላሞቹ መሰማሪያ የጠጠር መከመሪያ ሲሆን ካባው ቀጠራት። ሰው ሲያናግራት ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ፣ ቢላዋ ከማንሳቷ በፊት መገጣጠሚያውን ሁለት ጊዜ የምትዳስስ ሴት ናት። ካባውም የፈለጋት ለዚሁ ነበር።

አዲስ አበባና አዳማ አድገው ከተጋጠሙ ወዲህ ጠጠር የማይፈለግበት ቀን የለም። ጋራው ከግማሽ በላይ ተበልቷል። የሚበላው መንጋጋ ይባላል። ቤት የሚያህል አፍ ነው፤ ከገደሉ የሚንሸራተተውን ድንጋይ በሁለት የብረት ግድግዳ መካከል እያላመጠ ከሥር ጠጠር አድርጎ ያወጣዋል። አንዴ ከቆመ ጉሮሮው ውስጥ የቀረው ድንጋይ ተለቅሞ ካልወጣ አይነሣም፤ ያ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በሩ ላይ እንዲህ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «መንጋጋው ለአካል ክፍል አይቆምም። ለሰው ይቆማል።»

ለሰው የሚያቆመው ከአፉ በላይ የተተከለው ዓይን ነው። በዚያ አቧራ ውስጥ ፊት አይለይም። የሚያውቀው ሄልሜትንና ከሄልሜቱ ዝቅ ብሎ የሰደርያው ወገብ ላይ የሚዞረውን ሰፊ አንጸባራቂ ጨርቅ ነው። ሠራተኞቹ ጨርቁን ጥለት ይሉታል። ሁለቱ ተሟልተው አፉ ላይ ሲታዩት መንጋጋው ቀጥ ይላል። ክንድ ብቻ ወይም እግር ብቻ ሲያይ ግን ዝም ይላል፤ ለዚያ ደብሪቱ አለች፤ የተያዘውን በመስመሩ ላይ ቆርጣ ሰውየውን ትፈታዋለች።

ከመንጋጋው አፍ አጠገብ ቆመው የተሰናከለ ድንጋይ በዲጅኖ የሚያላቅቁት ሰዎች ጎርጓሪዎች ይባላሉ። ድሮ ለዚህ ሥራ ማሽን ተሞክሮ ነበር። አቧራው መገጣጠሚያውን እየበላ አስቸገረ። የሰው ክርን አቧራ አይበላውም።

ይርዳው ጎርጓሪ ነው። እናታቸው ስትሞት ደብሪቱ እጅ ላይ የቀረ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከእሷ ራት ይበላል፣ ሲያኮርፍ ብቻ ስሟን ሳይቀንስ ይጠራታል። የእሱን መስመር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ታሰምራለች፣ አጥንቱ እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ አድርጋ። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የይርዳው መስመር ሳትጠቀምበት እንዲያረጅ።

ለዚህ ደግሞ መላ ነበር። ደረት መስጠት ይሉታል። ክንዱ የተያዘበት ሰው ሲኖር ጓደኛው በአፉ ጠርዝ ላይ በደረቱ ይተኛና ሄልሜቱንና ጥለቱን ለዓይኑ ያሳያል። ዓይኑ ሰው ሊገባ ነው ብሎ መንጋጋውን ያቆመዋል። በዚያ ጸጥታ የተያዘው ክንድ በዲጅኖ ይላቀቃል። አንዳንዴ ጣት፣ አንዳንዴ የእጅ አንጓ ይቀራል፤ ክንዱ ግን ይተርፋል። ደረት የሰጠው ሰው ከሥራ ይታገዳል፤ እስኪመለስም ሠፈሩ ያበላዋል።

ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ሰው ተይዞ ደወሉ ሲጮህ የመጋዝ ሣጥኗን አንስታ ወደ አፉ የሚያወጣውን ደረጃ የምትወጣው ቀስ ብላ ነው፤ ጉልበቷን እያሻሸች፣ በየመሀሉ ድጋፉን ይዛ እየቆመች፣ ጸጥታው እስኪመጣ። ሠራተኞቹ ለዚህ አንድም ቀን አመስግነዋት አያውቁም። ማመስገን መናገር ነው፤ እሜቴ ደግሞ ትሰማለች።

እሜቴ የሚሏት በየምሰሶው ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች የምትናገረውን ነው። ሴት ትሁን አትሁን ያየ የለም። መንጋጋው በቆመ ቁጥር፣ የደብሪቱ ሣጥን በተከፈተ ቁጥር ለስለስ ባለ ድምፅ «ምክንያት?» ትላለች። በአንድ ቃል ይመለስላታል፤ ክንድ፣ እግር፣ ብረት። ደረት የሰጠ ሰው «መንሸራተት» ይላታል። ከአንድ ቃል በላይ አትቀበልም።

ከጎርጓሪዎቹ ብዙ ጊዜ ደረት የሰጠው ቱፋ ነበር፤ የይርዳው የሥራ ጓደኛ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ወሬኛ። ከእግድ በተመለሰ ቁጥር ደረቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ «የካባው ፍሬን ይኸውላችሁ» ይላል።

ሁሉም ነገር የተጀመረው አንለይ በሚባል ሠራተኛ ነው። መንጋጋው አንዳንዴ ማላመጥ ያቃተውን ይተፋል። የዚያን ቀን የሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተፋ፤ ድንጋዩም ከታች መሰላል ላይ የነበረውን አንለይን ከሄልሜቱ በታች አገኘው። አገጩንና ግማሽ ጉንጩን ይዞ ሄደ። ደብሪቱ ስትደርስ በዓይኑ እያያት ነበር። እጇን ጉሮሮው ላይ ጭና ደሙን ልትይዝ ሞከረች፤ በጣቶቿ መካከል እየሞቀ ወጣ፣ ከዚያ መሞቁን ተወ። መስመር የማይሰመርበት ቦታ ነበር። አንለይ አፉ ውስጥ ስላልነበረ መንጋጋው አልቆመም። አስከሬኑ ታሽጎ ወደ አገሩ ተጫነ፤ ለሽኝት የተፈቀደለት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ሰልፉ ላይ ሳቅ ጠፋ። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ዘለቀ፣ ግራ ክንዳቸው ከብዙ ዘመን በፊት በመስመሩ የተፈታው፣ ደብሪቱ ፊት ቆሙ።

«ደብሪቱ፣ እንዲሁ ደርቀን ልንገባ ነው? የሞተው እኮ ሰው ነው።»

ሁሉም እሷን አዩ። ነጠላ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ልቅ ጨርቅ ከመንጋጋው አጠገብ ሰው ይጎትታል። ደብሪቱ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሰደርያዋን አወለቀች፣ ላዩን ታች አድርጋ ገለበጠችውና መልሳ ለበሰችው። ወገቧ ላይ የነበረው ጥለት አንገቷ ዙሪያ መጣ፤ ነጠላ ለሐዘን ሲዘቀዘቅ እንደሚሆነው።

«ይኼንን ማን ይከለክለናል» አለች።

ጋሽ ዘለቀ በአንድ እጃቸው እየታገሉ አዘቀዘቁ። ሌሎቹም ተከተሉ። ይርዳውም። ቱፋ የራሱን ሲገለብጥ አንለይ ይኼን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር አለ፤ ያለውን ሲሰማው ግን አንገቱን ደፋ። እሜቴም አልከለከለችም።

ደወሉ የጮኸው ከምሳ በፊት ነው። ደብሪቱ ሣጥኑን አንስታ እንደ ልማዷ ቀስ ብላ መውጣት ጀመረች። ማን እንደተያዘ አላወቀችም። ደረጃው መሀል ስትደርስ ጩኸቱን ሰማች። ይርዳው ሕፃን ሆኖ ጥርሱ ሲወጣ የጮኸው ዓይነት ነበር፤ አልተለወጠም።

እግሯ ሊሮጥ ፈለገ። ያዘችው። ከጸጥታው በፊት ከደረሰች መቁረጥ ግዴታዋ ነው፤ ከጸጥታው በኋላ ከደረሰች ክንዱ ይተርፋል። ላይ ቱፋ አለ። ስለዚህ የደጋፊውን ብረት ጨብጣ ከወትሮው ይበልጥ አዘገመች። አንድ እርምጃ ወጥታ አዳመጠች። መንጋጋው ያላምጣል። ሌላ እርምጃ። ያላምጣል።

የቱፋ ድምፅ መጣ፣ ወደ ዓይኑ የሚጮህ። «ይኸው ደረቴ! እየኝ አንተ ዕውር፣ እየኝ!»

ከዚያ ድምፁ በመሀሉ ተቆረጠ። የመንጋጋው ድምፅ ለአፍታ ለሰለሰ፤ ከድንጋይ የቀለለ ነገር ያገኘ ጊዜ የሚያሰማው ነው። ደብሪቱ ሮጠች።

ቱፋ ጠርዙ ላይ ሲተኛ መንጋጋው ያልቆመው በአቧራው ምክንያት መስሎት ነበር፤ ዓይኑ እንዲያየው ብሎ ይበልጥ ገባ። ያዘቀዘቀው ሰደርያ የታችኛው ጠርዝ ተንጠልጥሎ ብረቶቹ መካከል ገባና ጎተተው። ደብሪቱ ስትደርስ እስከ ብብቱ ውስጥ ነበር፤ ፊቱ ወደ እሷ ዞሯል፣ አፉ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ድምፅ ግን የለም። ብረቶቹ ተጠጉ። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ሲሄድ ከብረቱ ጩኸት በላይ ተሰማ። ሲከፈቱ ሄልሜቱ ብቻ ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል ታየ፤ ቀጥሎ እሱም ተዋጠ።

ይርዳው ከዚያ ማዶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር፤ የጓደኛው ደም ፊቱ ላይ፣ ቀኝ ክንዱ በብረቶቹ መካከል። የዲጅኖው ማሰሪያ እጁ አንጓ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። በተላመጠ ቁጥር ክንዱ ትንሽ ይገባል። ሰማያዊው መስመር አይታይም።

ሣጥኑን ከፈተች።

«ምክንያት?» አለች እሜቴ።

«ክንድ።»

«ደብሪቱ» አለ ይርዳው፣ ስሟን ሳይቀንስ። «መስመሩ የት አለ?»

«አልፏል።»

የደም ማገጃውን ጨርቅ ብብቱ ሥር አጥብቃ አሰረችው። ቀበቶውን አፉ ውስጥ ከተተች። በጉልበቷ ደረቱን ተጭና መጋዙን ትከሻው ሥር አሳረፈች። ሥጋው ቶሎ ሄደ፤ አጥንቱ አስቸገረ፣ ሁለት ጊዜ መጋዙን ያዘው። ሲለቅ ወደ ኋላ ወደቁ፤ እሱ እላይዋ። ክንዱ ጣቶቹን ዘርግቶ ገባ። ከሥር በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ ጠጠሩ ቀይ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ ሮዝ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው ግራጫ።

ስለ ቱፋ እሜቴ ምክንያት አልጠየቀችም። መንጋጋው አልቆመማ።

ይርዳውን ወደ ታች ካወረዱት በኋላ ደብሪቱ ተመልሳ ወጣች። የዓይኑን መስታወት በጣቷ አበሰችው፤ ንጹሕ ነበር። ቱፋ የተኛበትን ቦታ አየች፤ ከዚህ በፊትም የሚተኛው እዚያው ነው። አንዱን ነገር ከሌላው እየቀነሰች አሰበች። ዓይኑ ያው፣ ቦታው ያው፣ ሰውየው ያው። እጇ ሳታስበው ወደ አንገቷ ሄደ፤ ጣቶቿ ጥለቱን ነኩት። እዚያው ቁጭ አለች።

ሐዘኑ ሳያልፍ እሜቴ መግለጫ አነበበች። ካባው የሠራተኞቹን ባህል እንደሚያከብርና በሐዘናቸው ተካፋይ እንደሆነ፣ ለዚህም መታሰቢያ አዲስ ሰደርያ እንዳሠራ ተናገረች። አሮጌው ተሰበሰበ። አዲሱ ጥቁር ጠርዝ አለው፣ ስፌቱ ጥሩ ነው፤ ጥለቱም ከመጀመሪያው አንገቱ ላይ ተሰፍቷል። ጋሽ ዘለቀ ሲቀበሉ ዕንባቸው መጣ። ለካ ልብ አላቸው አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሲወጡ እሜቴ አንድ ነገር ትጨምራለች። «ዛሬም መንጋጋው አልቆመም። እናመሰግናለን።»

ይርዳው ቁስሉ እንደታሸገ ወደ ሥራ ተጠራ። ያን ጠዋት እንደ ድሮው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ ተራው ሲደርስ ግራ ክንዱን ዘረጋላት። ባዶው እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ደብሪቱ ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነከረች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

«ዛሬ አላሰምርም» አለች፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ። «ቱፋ አልተንሸራተተም። ጥለቱ ሲዘቀዘቅ ዓይኑ ሰው መሆናችንን አያውቅም። አዘቅዝቁ ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ ደግሞ አይተው ሰፉልን።»

ጋሽ ዘለቀ የሰደርያቸውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «የሰፉልን ሐዘናችንን ነው፣ ደብሪቱ። አታርክሺው።»

«እነሱ ያዩት ቱፋ ሲገባ እንዳልቆመ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም። ያኔ ሳላይ ተናገርኩ። ሁለተኛ ሳላይ አልናገርም።»

ለሚፈነዱ ድንጋዮች ምልክት የሚደረግበትን የኖራ ባልዲ ከነብሩሹ አንስታ ወደ ደረጃው ሄደች። ይህን ጊዜ አላዘገመችም። ይርዳው ተከተላት። ሌሎቹ ደረጃው ሥር ቆሙ፤ እሜቴ ሰልፉ ለምን እንደተበተነ ጠየቀች።

ደብሪቱ ሄልሜቷን አጠበቀች፣ ባልዲውን ለይርዳው ሰጠችና በጠርዙ ላይ በደረቷ ተኛች። ከሥሯ ብረቶቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ቀበቶዬን በሁለት እጅህ ያዝ» አለችው።

«አንዱን ወስደሽው የለም እንዴ?»

ይርዳው ባልዲውን አስቀምጦ ቀበቶዋን በግራ እጁ አንጓ ላይ ጠመጠመው። አትጠምጥም፣ ከሄድኩ ይዤህ እሄዳለሁ አለችው። እንዳልሰማ ሆነ።

ወደ ውስጥ ገፋ አለች፤ ቱፋ እስከደረሰበት ድረስ። አዲሱ ጥለት አንገቷ ላይ ያበራል፣ ዓይኑ በቀጥታ ከላይዋ ነው። መንጋጋው አልቆመም። የድንጋይ ስባሪ ተፈናጥሮ ቅንድቧን ከፈተው፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። የሰደርያዋ ጠርዝ ሲንጠለጠል ብረቱ ጫፉን ነካ አደረገው፤ በጥርሷ ይዛ ሰበሰበችው። ጥቂት ቆየች፤ እርግጠኛ እስክትሆን።

«አየህ?» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አሁን ጥለቱ የነበረበት ወገቤ ላይ ኖራውን ቀባኝ።»

ይርዳው ባልዲውን አየ፣ ከዚያ እጁን። ለመቀባት መልቀቅ አለበት። ከለቀቀ ደግሞ የምትንሸራተትበት ጠርዝ በአቧራ የተሞላ ነው። «ደብሬ፣ አልችልም» አለ።

ከኋላው ከባድ ትንፋሽ መጣ። ጋሽ ዘለቀ ደረጃውን ጨርሰው ነበር። ማንንም አላዩም። ቁልቁል ብረቶቹን አዩ፣ ደብሪቱ አንገት ላይ ያለውን ጥለት አዩ፣ ዓይኑን አዩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። ጎንበስ ብለው በአንዲት እጃቸው ብሩሹን አነሱና ኖራው ውስጥ ነከሩት።

«አጥብቀህ ያዛት» አሉት ይርዳውን።

ከግራ ወገቧ ጀመሩ። ኖራው ቀዝቃዛ ነበር፤ በሰደርያው አልፎ ወገቧ ላይ ሲሄድ ተሰማት። ብረቶቹ ተከፈቱ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ከገደሉ ወርዶ የክንዷን ጫፍ ገጨ፣ እጇ ወደ ውስጥ ተንጠለጠለ፣ ትንሿ ጣቷ ብረቱን ነካች። ተዘጉ። የጣቷ ጫፍ ሄደ። ጮኸች፤ ይርዳውም ጮኸ፣ ግን አልለቀቀም። ጋሽ ዘለቀ ብሩሹን አላቆሙም። መሀል ጀርባዋን አለፉ፤ በብሩሹ አንድ ጊዜ ደግመው ነከሩ፤ የቀኝ ወገቧ ላይ ደርሰው መስመሩን ጨረሱ።

መንጋጋው ቀጥ አለ።

ጉሮሮው ውስጥ የቀረ አንድ ድንጋይ ተንከባለለና አረፈ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም። አቧራው ቀስ እያለ ሄልሜታቸው ላይ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ከደረጃው ሥር ያሉት ቀና ብለው አዩ፤ አንዱ ሰደርያውን ማውለቅ ጀመረ።

«ምክንያት?» አለች እሜቴ።

ይርዳው ቀበቶውን እየሳበ እህቱን ከጠርዙ አወጣት። ደብሪቱ በጉልበቷ ተቀምጣ አፏ ውስጥ የገባውን አቧራና ደም ተፋች።

«ሰው» አለች።

እሜቴ በዚያው ለስላሳ ድምፅ እንደገና ጠየቀች፤ ይህን ጊዜ የመለሰላት ከደረጃው ሥር ሌላ ሰው ነበር፤ ቃሉ ግን ያው ነበር።